ከወፍጮው ፎቶ ሥር የጎደለ ስም

ሱሀይላ ስትናደድ አትጮህም፤ ብረት ትጠርጋለች። አንዴ የጠረገችውን ደግማ ስትጠርግ ያየ ደንበኛ "ነገ ብመጣስ" ብሎ ይሄዳል። ያን ሰሞን ኮምቦልቻ ያለው ቶርኖ ቤቷ እንደ ፋርማሲ ያበራ ነበር።

ሙያውን የተማረችው ቴክኒክ ኮሌጅ ነው። ከዚያ ፋብሪካ ገብታ በጥገና ክፍል ሠራች፤ ቀጥሎ ያገለገለ ቶርኖ፣ የብረት መቅረጫ ማሽን፣ ገዝታ የራሷን ቤት ከፈተች። የተበላ አክስል ትሞላለች፣ ኩሽኔታ የሚቀመጥበትን ታስተካክላለች፣ ገበያ ላይ የማይገኝ ቡሎን ትቀርጻለች። ቶርኖው በዕድሜ ይበልጣታል። የቡሎን ጥርስ ለማውጣት የትኛው ጊር ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም የሚናገረው ሠንጠረዥ ከማሽኑ በር ላይ ተፍቆ ጠፍቷል፤ የሸጠላትም ሰው "በግምት ነው የምንሠራው" ብሎ ነው ያስረከባት። በግምት የወጣ ጥርስ ደግሞ ዳዶ ይበላል።

በይነመረብ ላይ ያለውን የድሮ ማሽን ዓለም ያገኘችው በዚህ ምክንያት ነው። የማሽኑን ታርጋ በስልኳ አንስታ የአምራቹን ስምና የሞዴሉን ቁጥር ስትፈልግ፣ ጡረታ የወጡ መካኒኮችና የሙዚየም ሰዎች የድሮ ካታሎግ እያነሱ የሚያስቀምጡበት አንድ ነጻ ቤተ መጻሕፍት ላይ ወደቀች። ሠንጠረዡ እዚያ አለ፤ ጥርት ብሎ። ማተሚያ ቤት ወስዳ አሳትማ፣ በፕላስቲክ አስለብሳ ማሽኑ በር ላይ ለጠፈችው።

ጉዳዩ እዚያ ላይ ባለቀ ነበር፤ እሷ ግን አልወጣችም። ከካታሎጉ ወደ ፓተንት መዝገብ፣ ከፓተንት ወደ ሙዚየም ፎቶ ሄደች። እንግሊዝኛው ሲከብዳት በስልኳ ታስተረጉማለች። ፍለጋ እንደ ቁፋሮ ነው ትላለች፤ "ወፍጮ" ብሎ የጻፈ ሰው ሙሉ ዓለም ይዘረገፍበታል፣ የቦታ ስም የጨመረ ግን አንድ ነገር አያጣም። የቦታ ስምንም ፈረንጅ እንደሰማው ስለሚጽፈው፣ በአንዱ ካጣች በሌላው ትሞክራለች።

"ደሞ የሞተ ማሽን ለቅሶ ተቀመጥሽ?" ይላታል ምንይሉ፣ ግድግዳ የሚጋራት በያጅ።

"የአንተን ብየዳ ሳይ ነው የማለቅሰው" ትለዋለች፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ።

"ሐርቡ" ብላ የፈለገችው የአባቷ አገር ስለሆነ ብቻ ነበር። የአንድ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ታሪክ የፎቶ ማኅደር ውስጥ አንድ ምስል መጣላት፤ የወፍጮ ቤት፣ ባርኔጣ ያደረገ ፈረንጅ፣ ከእግሩ ሥር ቁልፍ ይዞ የተቀመጠ አንገቱን የደፋ ሰው። ከሥሩ የተጻፈው ሲተረጎም እንዲህ ይላል፦ "ጠጠር ሲገባ ድንጋዩን ከመሰንጠቅ የሚያድን ተለማጭ መደገፊያ፤ በመሐንዲሱ የተነደፈ። ሐርቡ፣ ኢትዮጵያ። አጠገባቸው የቀን ሠራተኛ፤ ስሙ ያልታወቀ።" የመሐንዲሱ ስም ከነአያቱ፣ ከነማዕረጉ ተጽፏል።

የስልኳ ስክሪን ጠበባት። የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጥታ ደሴ ቧንቧ ውኃ ሰፈር ባለ ኢንተርኔት ቤት ትልቅ ስክሪን ላይ ከፈተችው። ውጭው ጉም ነበር፤ ፎቶው ግን ቁልጭ ያለ ነው። መደገፊያ የተባለው ነገር የከባድ መኪና ባሌስትራ፣ ጭነት የሚሸከመው ተለማጭ ብረት ነው፤ በእሳት ተለስልሶ የታጠፈ፣ ከድንጋዩ ዘንግ ሥር የገባ። ጫፉ ላይ ሦስት የተመቱ ነጥቦች አሉ፤ ሁለት ከታች፣ አንድ ከላይ። ያቺው ምልክት ቶርኖ ቤቷ መሳቢያ ውስጥ ባለው መዶሻ ላይ አለች። መዶሻው ከአባቷ የወረሰችው ነው፤ አባቷ ደግሞ ከአባቱ ከዘካሪያ። ዘካሪያ የሚሠራውን ሁሉ በሦስት ነጥብ ይዘጋ እንደነበር፣ ያን ባሌስትራም እሱ እንዳጠፈው አባቷ ሊሞት ሰሞን በሹክሹክታ ነግሯታል። ለምን በሹክሹክታ እንደሆነ ያኔ አልጠየቀችም።

ለማኅደሩ ጻፈች። መልሱ ቶሎ መጣ፤ ጨዋ ነበር። ጥቆማውን እናመሰግናለን፤ ሆኖም ጽሑፉን ለመቀየር ሥራው ሲሠራ በዓይኑ ያየ ሰው ቃል፣ በድምፅም ቢሆን፣ ወይም ባሌስትራው ራሱ ከነምልክቱ ዛሬም ካለ ፎቶው ያስፈልጋል፤ መዶሻው ብቻውን አይበቃም። ፕሮጀክቱ በወሩ መጨረሻ ስለሚዘጋ ከዚያ በኋላ የሚታረም ነገር የለም።

"መሐንዲሱ ነደፈ ሲሉስ ማንን ምስክር ጠየቁ?" አለች ሱሀይላ፤ ጨርቋን አነሳች።

በዓይኑ ያየ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል፤ የአባቷ ታላቅ ወንድም ሸረፈዲን። ሐርቡ ነው የሚኖረው፤ ሙቀቱን ሸሽቶ በረንዳው ላይ ተጋድሞ አገኘችው። ሰላምታው ረዘም ያለ ነበር፤ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ልጁ መርየም። መርየምን ለልጁ ለየሱፍ ሊጠይቅ አንድ ቤተሰብ ሽማግሌ ልኳል፤ ሁለተኛው ቀጠሮ ቀርቧል። ሱሀይላ ፎቶውን ስታሳየው ሸረፈዲን ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፣ ከዚያ ስልኩን መለሰላት።

"አላውቀውም።"

"ጋሼ፣ አባትዎ ናቸው።"

"አባቴ የጨው ነጋዴ ነበር።"

"በጨው ነው ባሌስትራ ያጠፉት?"

ተነስቶ ተቀመጠ። "አንቺ ልጅ፣ ነገ ተነገ ወዲያ ሽማግሌ ደጄ ላይ የሚቆምብኝ ሰው ነኝ። የአባቴን ስም ከነቀጥቃጭነቱ ዓለም ላይ ልትሰቅይው?"

"ዓለም ላይማ ተሰቅለዋል፤ ስም የለሽ ሆነው።"

"ስም የለሽ ይሻላል! ልጅ ሆኜ ከእኛ ቤት እሳት የሚጭር ጎረቤት አልነበረም። ማረሻቸውን ያሠሩናል፣ ውኃችንን አይጠጡም። ሕፃን ሲታመም ወደ እኛ ደጅ ነው የሚታየው፤ 'እነዚያ ቡዶች በሉት' እየተባለ። ስሙን የቀበርኩት እኔ አይደለሁም፤ እነሱ ናቸው። እኔ አፈሩን ነው የመለስኩት።"

የሱሀይላ ንዴት አልበረደም፤ አድራሻው ብቻ ጠፋው። ስትወጣ ማለት የሌለባትን ተናገረች። "እርስዎ ባይመሰክሩ ብረቱ ይመሰክራል። ወፍጮው ዛሬ በመብራት ቢሠራም ባሌስትራው ከድንጋዩ ሥር እንዳለ ነው። ከጁምዓ በኋላ መጥቼ ነጥቦቹን አነሳለሁ።"

ጁምዓ ተሰግዶ እንዳበቃ መጣች። ወፍጮው ቆሞ፣ ባለወፍጮው ዱቄት ከቅንድቡ እያራገፈ ከሥር እንድትገባ ፈቀደላት። በደረቷ ተኝታ ባትሪ አበራች። ባሌስትራው አለ። ጫፉ ላይ ግን ነጥብ የለም፤ በነጥቦቹ ቦታ የሚያብለጨልጭ ነጭ ብረት ነው። የሞረድ ጭረት ነው፤ አዲስ፣ ዝገት ያልጎበኘው። የሞረዱ ፍቅፋቂ ገና መሬቱ ላይ ነበር።

"ማን ነካው?"

"ጋሽ ሸረፉ ናቸው እንጂ። ትናንት መጥተው 'ትንሽ ነገር ላስተካክል' አሉ። ምነው፣ አበላሹት እንዴ?"

ስልክ ደወለች፤ አያነሳም። ቴሌግራም ላይ ድምፅ ላከችለት፣ አንድ ዐረፍተ ነገር፦ "ጋሼ፣ የአባትዎን እጅ በሞረድ ቆረጡት።"

መልሱ የደረሳት ኮምቦልቻ መናኸሪያ ስትወርድ ነው። ቶርኖ ቤቷ ገብታ፣ ምንይሉ ባለበት ከፈተችው። ሸረፈዲን እየጮኸ ነበር።

"አንቺ ባለጌ! እኔን ነው ስለ አባቴ እጅ የምታስተምሪኝ? ባሌስትራውን ከተገለበጠ መኪና ላይ ሲፈታ እኔ ነበርኩ! ወናፉን የነፋሁት እኔ ነኝ! ሁለቴ ተሰብሮበት በሦስተኛው ነው የያዘለት፤ ፈረንጁ ካሜራውን ይዞ የመጣው ወፍጮው አንድ መኸር ሙሉ ከፈጨ በኋላ ነው! አውቃለሁ! ከማንም በላይ አውቃለሁ! ታዲያ ምን ልሁን ነው የምትይው? አንቺ ደንቆሮ፣ አንቺ ነገር ፈላጊ!"

ምንይሉ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። "ይኸው ምስክርሽ! በዓይኑ ያየ፣ በድምፅ። አሁኑኑ ላኪው።"

"አልልክም።"

"ለምን? ወሩ እያለቀ ነው እኮ።"

"የተናገሩት ለእኔ ነው። ከአፋቸው ሰርቄ ብልክ ከዚያ ፈረንጅ በምን እለያለሁ?" የብረት መያዣውን ሞርሳ መጥረግ ጀመረች። ንጹሕ ነበር።

መርየም ያገኘቻት ሞርሳ ስትጠርግ ነው። መርየም እዚያው ኮምቦልቻ የልብስ ፋብሪካ ነው የምትሠራው፤ ከሥራ ስትወጣ ሁሌም ብቅ ትላለች። ሱሀይላ አልደበቀቻትም፤ ፎቶውን አሳየቻት፣ የሞረዱን ነገር ነገረቻት፣ ድምፁን አሰማቻት። መርየም መጀመሪያ ስድቡ ጋ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ጠፋ።

"በእኔ ስም ነው ሞረድ ያነሱት?"

"ለሰርግሽ ፈርተው ነው።"

"የሱፍ ቀጥቃጭነታችንን ያውቃል። ገና ስንተዋወቅ ነግሬዋለሁ፤ 'እና መዶሻው አለ?' ነው ያለኝ። የማያውቁት ሽማግሌዎቹ ናቸው። አውቀው ከቀሩም፣ ወላሂ፣ ለሚቀር ሰው መደገስ ኪሳራ ነው።" ስልኳን አወጣችና ለሁሉም እንዲሰማ ድምፅ ማጉያውን ከፍታ አባቷ ጋ ደወለች። ለእሷ ወዲያው አነሳ።

"አባ፣ ድምፅዎ ለፈረንጆቹ ሊላክ ነው። እኔ ፈቅጃለሁ። እርስዎስ?"

ከጀርባው የዶሮ ድምፅ ይሰማል።

"ሱሄ እዚያ አለች?"

"አለሁ ጋሼ። እርስዎ ካልፈቀዱ አልክም።"

"ሽማግሌዎቹ ቢሰሙስ መርየም?"

"ይስሙ። እኔን ነው የሚወስዱት፤ ጨው አይደለም።"

ጉሮሮውን ጠረገ። "ከላካችሁት አይቀር ስድቡን ቁረጡት።"

ስድቡ ተቆረጠ፤ የቀረው ተተርጉሞ ተላከ። የሞረዱ ጭረት ፎቶና የመዶሻዋ ነጥቦችም አብረው ሄዱ። ወሩ ሊያልቅ ሲል ማኅደሩ ጽሑፉን ቀየረ። ሱሀይላ አነበበችው፤ አስተረጎመችው፤ ትርጉሙን ተጠራጥራ በሌላ ተርጓሚ ደገመችው። ያው ነው፦ "በመሐንዲሱ የተነደፈ። እንደ ቤተሰቡ አባባል፣ ዘካሪያ የተባለ የአካባቢው ሰው በሥራው ተሳትፏል።"

ምንይሉ "ስሙ ገባ እኮ፣ እንኳን ደስ ያለሽ" ብሎ መጣ፤ ፊቷን አይቶ ወደ ብየዳው ተመለሰ። እሷ ስልኩን አንስታ ሐርቡ ደወለች፤ የተጻፈውን ቃል በቃል አነበበችለት። አንብባ ስትጨርስ ስድብ ጠበቀች። ሸረፈዲን ግን ቀስ ብሎ ነበር የጠየቃት።

"ምን አደረገ ነው የሚለው?"

"ተሳትፏል።"

"ተሳትፏል? እንደ ሰርግ ዕድምተኛ? ደሞ አባባል ማለት ምንድን ነው? ተረት ነው እንዴ የነገርኳቸው?"

"ጋሼ፣ ሊዘጉት ነው፤ ሁለት ቀን ነው የቀረው።"

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?"

በማግስቱ ጠዋት ከሐርቡ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣ። የሽማግሌ ቀጠሮ ቀን የሚለብሰውን ኮት ለብሷል፤ የየሱፍ ቤተሰብ ሰምቶ ቀጠሮውን ያጥፍ አያጥፍ ገና አልታወቀም፣ እሱም አላነሳውም። ሱሀይላ በርጩማ አቀረበችለት፤ አልተቀመጠም። ቶርኖውን ዞሮ አየው፣ መሳቢያውን አስከፍቶ መዶሻውን አወጣ፣ ሦስቱን ነጥቦች በአውራ ጣቱ ዳሰሳቸው።

"ባሌስትራው ላይ ያሉትንስ ምን እንበል?" አለችው።

"እኔ ሞረድኳቸው እላለሁ። ለምን እንደሞረድኳቸውም እነግራቸዋለሁ፤ እሱንም ከማሽን ታሪካቸው ጋር ያስቀምጡት።"

ምንይሉ ሳይጠየቅ የብረት መፍጫ ማሽኑን አጠፋ። ሱሀይላ ስልኩን ከሞርሳው ላይ አቁማ መቅጃውን ነካች። ሸረፈዲን መዶሻውን እንደያዘ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ፤ መስማት ለተሳነው ሰው እንደሚናገር ድምፁን ከፍ አደረገ።

"ስሜ ሸረፈዲን ዘካሪያ ነው። የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ። መጀመሪያ ያን 'ተሳትፏል' የምትሉትን ነገር አንሱልኝ፤ ከዚያ ሥራው እንዴት እንደተሠራ እነግራችኋለሁ።"