ወደ ዲንሾ የያዝኩት መርዶ

ዲንሾ ብርድ ነው። ሰው ወደዚያ የሚወጣው የባሌን ፓርክ ሊያይ፣ በፈረስ ተራራ ለተራራ ሊዞር ነው። እኔ የሄድኩት መርዶ ይዤ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ሾፌር ነበር። ከአዳማ ቱሪስት ጭኖ ይመላለስ ነበር። ዲንሾ ሲደርስ የሚያርፈው ፈረስ የሚያከራዩ አንድ ሽማግሌ ቤት ነው። "ልጄ" ነበር የሚሉት። እኔንም ወስዶኝ ስለነበር ያውቁኛል። ከሞተ ሦስት ወር ሆነው። እሳቸው አልሰሙም ብለን ነበር የምናስበው።

"መርዶ በስልክ አይነገርም" አለችኝ እናቴ። "ሄደህ ለጎረቤቶቻቸው ንገር። እነሱ በማለዳ ተሰብስበው ይነግሯቸዋል።"

መንገዱን ሙሉ ጭንቀቴ አንድ ነበር፤ ጎረቤት ሳላገኝ እሳቸውን ባገኝስ? ያገኘሁትም እሳቸውን ነው። ገና ከሚኒባሱ ስወርድ ፈረስ እየሳቡ መጡ። ጥቁር ሸሚዜን እንዳያዩት ጃኬቴን እስከ አንገቴ ቆለፍኩ።

"ኮቱ፣ ኮቱ! ና ግባ! አቤት የአዳማ ሰው፣ ብርድ ሲነካችሁ የረጠበ ዶሮ ትመስላላችሁ።"

እሳት ዳር አስቀምጠው የገብስ ቂንጬ በቅቤ አቀረቡልኝ። ስለ እናቴ ጠየቁኝ። ስለ ትምህርቴ፣ ስለ መንገዱ። ስለ ወንድሜ አልጠየቁም። መጀመሪያ ተገላገልኩ አልኩ። ቆይቶ ግን ፈራሁ። ለምን አይጠይቁም? ማንኪያውን አስቀመጥኩ።

"ብላ" አሉኝ። "ጨርስ። ከዚያ እናለቅሳለን።"

ቀና ብዬ አየኋቸው።

"ሰምቻለሁ ልጄ። ሾፌሮች ለጎረቤት ነገሩ። ጎረቤት በማለዳ መጥቶ ነገረኝ።"

"ታዲያ ለምን አልደወሉልንም?"

"ለቅሶ በስልክ ይደረሳል እንዴ? ገብሱ ታጭዶ እስኪያልቅ ነው እንጂ ልመጣ ነበር።"

እኛ መርዶ በስልክ አይነገርም ብለን፣ እሳቸው ለቅሶ በስልክ አይደረስም ብለው፣ ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ተባብለን ኖረናል።

ቂንጬውን ጨረስኩ። ጎረቤቶች ገቡ። አለቀስኩ። ቤት ሳለሁ እናቴን ላጽናና ብዬ ያመቅኩት ሁሉ ወጣ። እዚህ የማጽናናው ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ሽማግሌው በፈረስ ፓርኩ ውስጥ አዞሩኝ። የደጋ አጋዘኖች ሣር እየጋጡ አዩን፤ አልሸሹም። ኔትወርክ ያለበት ኮረብታ ላይ ስንደርስ ለእናቴ ደወልኩ።

"ቀድመው ሰምተዋል" አልኳት።

ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ።

"ተመስገን ጌታዬ! አንተ አልነገርካቸውማ?"

"አልነገርኩም።"

"እሰይ። በል እዚያው ትንሽ ሰንብት። አየሩ ይስማማሃል።"