መዝሙሩ ሲዘመር ተቀምጬ ቀረሁ

ወይ ጉድ! ትናንት ሲኒማ ብቻዬን ገባሁ። በጣሊያንኛ የሚናገር፣ በሥዕል የተሠራ የጃፓን ፊልም ነው፤ ጓደኞቼ «ሥዕል ያስለቅሳል እንዴ?» እያሉ ስለሚስቁብኝ ማንንም አልጠራሁም። ፊልሙ ላይ ወንድሟን ፍለጋ ባሕር የገባችው ልጅ ስትሰጥም ተንሰቀሰቅሁ። ለካ ፊልሙ አልቆ የንጉሡ መዝሙር ተጀምሯል፤ ሰው ሁሉ እንደ ደንቡ ቆሞ እኔ ብቻ ተቀምጫለሁ! ሰፈራችን ጎዳይፍ አውቶቡስ ፌርማታ የሚቆመው ሽማግሌ ፖሊስ ከኋላዬ ፊልሙን ሲያይ ቆይቶ ኖሮ ትከሻዬን ያዘኝ።

«ለምን አትነሺም?»

ዘንድሮ በአማርኛ ከክፍል አንደኛ ወጥቻለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ከአፌ የወጣው «ልጅቷ... ሰጠመች» ብቻ ነው።

ጎንበስ አለ። ዓይኑ እንደኔ በእንባ ቀልቷል። «ልጄ፣ እኔ ጣሊያንኛ አልሰማም። ወንድሟን ሳታገኘው ነው?»

አዎ ማለት አቅቶኝ በትግርኛ «እወ» ብዬ ሮጥኩ።

ዛሬ ጠዋት መጀመሪያ ያደረግሁት፣ ፌርማታው ጋ ሄጄ ሽማግሌውን ፖሊስ «መጨረሻውን ግን አልወደድኩትም» ማለት ነው።