ስምንቱ የጻፉበት ዝርዝር

ፕሮግራመር ሆኜ ሸዋ ሮቢት ግብርና ቢሮ ስመደብ ከሙቀቱ ይልቅ ያናደደኝ የቢሮው ወረቀት ነበር። የማሾ ዘር የሚወስዱትን ገበሬዎች እያንዳንዱ የቀበሌ ባለሙያ በገዛ ወረቀቱ ይመዘግባል። ከዚያ የሁለት ባለሙያዎችን ወረቀቶች በሦስተኛ ንጹህ ወረቀት ላይ ይገለብጧቸዋል፤ የፊተኞቹን አይነኩም። ያንን ደግሞ ከሌላው ጋር፣ እንዲህ እያሉ አንድ እስኪሆን። ሰው በሰው ወረቀት ላይ አይጽፍም። እኔ ሆዬ ሳቅሁባቸው።

ሥራውን ኮምፒውተሩ ውስጥ ለስምንት የፕሮግራም ክፍሎች አከፋፈልኩና ስምንቱም በአንድ ጊዜ ያንኑ አንድ ዝርዝር እንዲሞሉ አደረግሁ። በሠላሳ ስም ሞከርኩት፣ ሠራ። ምን ያህል እንደኮራሁ! ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል አሉ።

በእደላው ቀን አንዲት እናት ወረፋቸው ደርሶ ፊቴ ቆሙ። ዝርዝሩን አየሁ፣ የሉም።

«እትዬ፣ አልተመዘገቡም።»

«ወላሂ ተመዝግቤያለሁ ልጄ። ፈርሜያለሁ።»

«እዚህ የለም። ኮምፒውተር ስም አይደብቅም። በሉ፣ ሌላው ይጠብቃል።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። እኔም፣ ይቅር ይበለኝና፣ ፈገግ አልኩ። ባዶ ጆንያቸውን ጠቅልለው ወጡ።

ከጊዜ በኋላ ለሪፖርት ብዬ ፕሮግራሙን ደግሜ አስኬድኩት። የእሳቸው ስም ቁጭ ብሏል፤ የሌላ ሰው ግን የለም። ለሦስተኛ ጊዜ ሳስኬደው ደግሞ ሌላ ሰው ጠፋ። ያኔ ነገሩ ገባኝ። ከስምንቱ ክፍሎች ሁለቱ እኩል ደርሰው አንድ ቦታ ላይ ሲጽፉ የኋለኛው የፊተኛውን ይደመስሰዋል። ማረሙ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ለስምንቱም የየራሳቸውን ዝርዝር ሰጠኋቸው፤ ሲዋሃዱም አዲስ ይሠራሉ እንጂ አሮጌውን አይነኩም። ቢሮው ሲያደርገው የኖረው ማለት ነው። ዘሩ ግን አልቋል፣ የመዝሪያው ጊዜም አልፏል።

ባጃጅ ይዤ ወደ እኚያ እናት ቤት ሄድኩ። ማሳቸው ታርሶ፣ ለስልሶ፣ ባዶውን ቀርቷል። መንገዱን ሙሉ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለትን ስለማመድ ነበር።

«እትዬ፣ ለካ ተመዝግበው ነበር» አልኩ። ከዚያ አፌ ከዳኝ። «ኮምፒውተሩ ነው የተሳሳተው።»

«ታዲያ አንተ ምን ታደርግ ልጄ» አሉ። «እሱ አጥፍቶ አንተን በፀሐይ ያንከራትትሃል። ና፣ ጥላው ሥር አረፍ በል፤ ውሃ ላምጣልህ።»

የሰጡኝን ውሃ እስከ መጨረሻው ጠጣሁ፤ አላረምኳቸውም።