የሀና ቀለብ እና የኔ መሐላ

ቅዱሳን፣ ጌታ ይባረክ! ዛሬ መመስከር እፈልጋለሁ። ፓስተሩን ከለመንኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው፤ ተራዬ እስኪደርስ ወንበሩ እሾህ ሆኖብኝ ነበር። ግን ከሁሉ በፊት አንድ የምመልሰው ነገር አለኝ። አምና እዚሁ ቆሜ "እኔ የሰው እጅ አላይም፣ ልጄን የሚቀልባት ጌታ ነው" አላልኩም? እናንተም እልል ብላችሁልኛል። ወገኖቼ፣ ያን ቀን የተናገረው እልሄ ነበር። ጌታ ይቅር ይበለኝ።

ለማታውቁኝ፣ አበቡ እባላለሁ፤ ገበያ ውስጥ ድንችና ሽንኩርት እሸጣለሁ። ጌታን ሳላውቅ በጣም ቁጡ ነበርኩ። አሁንም ነኝ፣ አትሳቁ! ከባለቤቴ ከደምሴ ጋር ስንለያይ ልጃችን ሀና አራት ዓመቷ ነበር። ደምሴ ገበሬ ነው፤ ከመካነ ሰላም በእግር ሁለት ሰዓት ከሚያስኬድ ቀበሌ ነው የሚኖረው። ፍርድ ቤት በየወሩ ገንዘብ ቁረጥላት አለው። ገበሬ በየወሩ ገንዘብ ከየት ያመጣል? ስለዚህ ሽማግሌዎች ተቀመጡና "እህል ሲገባ ስንዴና ባቄላ ይስጣት" አሉ። እኔም እሺ ልል ነበር። ደምሴ ግን "ምን ያስጨንቃችኋል? ሲርባት ራሷ ትመለሳለች" አለ። ሽማግሌዎቹ ፊት! ደሜ ፈላ። ብድግ አልኩና "ከዛሬ ጀምሮ የዚህን ሰው እህል ብቀምስ መርዝ ይሁንብኝ! ልጄም አትቀምስም!" ብዬ ማልኩ።

በዚያው ሰሞን አንዲት እህት ወደዚህ ቤት አመጣችኝ፤ ጌታን ተቀበልኩ። ሃሌሉያ! ልቤን ሰጠሁት፣ መሐላዬን ግን ደብቄ ያዝኩ። ይባስ ብዬ "እምነት" የሚል ስም አወጣሁለት።

ደምሴ እህሉ ሲገባ በአህያ ጭኖ መጣ፤ በሩን ዘጋሁበት። በዓመቱም መጣ፤ ዘጋሁበት። ከዚያ ወዲያ ዕረፍት አጣሁ። ገበያ ላይ ሚዛኑን ይዤ ደንበኛዬ ስንት ኪሎ እንዳለኝ ይጠፋኛል። ልጸልይ እንበረከክና ሳልጨርስ እነሳለሁ፤ ግቢውን እዞራለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ደግሞ እነሳለሁ። "ሰይጣን ነው፣ ጸልዩልኝ" ስላችሁ ስንቴ ጸለያችሁልኝ!

ዘንድሮ ክረምቱ ሊገባ ሲል ኑሮ ጠናብኝ። ሀና ጠዋት ሻይ ትጠጣለች፣ ማታ ድንች ትበላለች፤ በቃ። አንድ ቀን አስተማሪዋ ደወለችልኝ። "ልጅሽ ክፍል ውስጥ ወድቃለች፣ ነይ!" ሽንኩርቱን በትኜ ሮጥኩ። ታቅፌ ሐኪም ቤት ስደርስ ልጄ ክብደቷ የለም፤ እንዲያ መቅለሏን እስከዚያ ቀን እንዴት አላየሁም?

ሐኪሟ ክንዷን ለካችና "ምን ትበላለች?" አለችኝ። ነገርኳት።

"አባት የላትም?"

"አላት።"

"ቀለብ አይሰጥም?"

"ይሰጣል። እኔ ነኝ የማልቀበል፤ ምያለሁ።"

ቀና ብላ አየችኝ። "የማልሽው አንቺ፣ የምትራበው እሷ?" አለችኝ። "ሌላ በሽታ የለባትም፤ ምግብ ነው ያጣችው። ወተት፣ እንቁላል፣ ገንፎ ስጫት፤ በሳምንቱ አምጫት" ብላ ሸኘችኝ።

ከየት አባቴ አምጥቼ? እያለቀስኩ ሰፈር ስደርስ ጎረቤቴ እትዬ ዘሀራ በር ላይ ጠበቁኝ። እስላም ናቸው፣ የናቴ ያህል ናቸው። "አብሽሪ ልጄ፣ ነይ ግቢ" ብለው ወደ ጓዳቸው ወሰዱኝ። አራት ኬሻ እህል እንጨት ላይ ተደርድሯል።

"ይሄ የሀና ነው" አሉኝ። "አንቺ ስትዘጊበት አባቷ እኔ ዘንድ አራገፈው። አማና ነው፣ የሰው አደራ፤ ወላሂ አንዲት ፍሬ አልነካሁም። ልነግርሽ አፌን ስከፍት 'ስሙን አያንሱብኝ' እያልሽ ጥለሽኝ ትሄጃለሽ።"

ነቀዝ እንዳይበላው በየጊዜው ፀሐይ ላይ ያሰጡት ነበር። ያን ስጥ እኮ አውቀዋለሁ! የሳቸው መስሎኝ ስንት ቀን ዶሮ አባርሬለታለሁ! ጌታ ሆይ፣ ልጄ እየተራበች ቀለቧን ስጠብቅላት ነው የኖርኩት!

እትዬ ዘሀራ አንድ እፍኝ ስንዴ ቆሉልኝ። በመሐላ ቀልድ የለም ተብዬ ነው ያደግሁት። እዚያው ጓዳ ተንበርክኬ "ጌታ ሆይ፣ በአፌ ያሰርኩትን ፍታልኝ፤ መርዝ ከሆነም እኔን ይጀምረኝ" አልኩና ቃምኩት። ስንዴ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ክብር ለስሙ ይሁን! ያን ዕለት ሀና ገንፎዋን በልታ "እማ፣ ልድገም?" አለችኝ። ልቤ ተሰበረ።

በማግስቱ ደምሴ ዘንድ ሄድኩ። እያረሰ ነበር። "አየሽ፣ ራበሽና መጣሽ" ሊለኝ ነው ብዬ ጥርሴን ነክሻለሁ። "ሀና ወደቀች" ስለው ዕርፉን ለቆ መሬት ላይ ቁጭ አለ። "በየገበያው እትዬ ዘሀራን እጠይቃቸው ነበር" አለኝ። "እንዳልወሰድሽው አውቃለሁ። መጥተሽ እንድትለምኚኝ ነው የጠበቅሁት።" እሱም እንደኔው! ሁለት ጎልማሶች አንዲት ሕፃን መሃል አስቀምጠን እልህ ስንጋባ ከረምን።

ሽማግሌዎቹን ደግመን ሰበሰብን። እህል ሲገባ ስንዴና ባቄላ፣ ትምህርት ሲከፈት የደብተርና የዩኒፎርም፣ ስትታመም የሐኪም ቤት እኩል በእኩል። ጽፈን ተፈራርመን ለፍርድ ቤቱ ሰጠን፤ ፍርድ ቤቱም አጸደቀልን።

ታርቃችሁ ተጋባችሁ ወይ እንዳትሉኝ፤ አልተጋባንም። ባለፈው ሳምንት እንኳ በስልክ ጮኼበታለሁ። ይህን ቁጣዬን ጌታ ገና እያበረደልኝ ነው። ሀና ግን ጠግባ ታድራለች። ሐኪሟ "ከእንግዲህ በየሳምንቱ አትመላለሱ" ብላናለች። ሃሌሉያ! ተመስገን የኔ ጌታ!

እንግዲህ እዚህ መካከል በእልህ የልጁን ጉርሻ የያዘ አለ። ሰጪም ሁን ተቀባይ፣ አባትም ሁን እናት፣ ጌታን ታመነው፤ ኩራትህ ቢሰበር አትሞትም፤ እኔ ቀምሼ አይቼዋለሁ። ጸልዩልኝ ብለህ ወደዚህ ወደ ፊት አትምጣ። አሁኑኑ ተነሥና ውጣ፣ ደውል። ወንበርህን እኔ እይዝልሃለሁ።