አጥንት የማይነካው ቢላ

ወጥ ቤቱ ጠባብ ነበር። ጋሼ በዊልቸር ከገቡ በኋላ ጭራሽ መተላለፊያ አይኖረውም። አክስቴ በየጠዋቱ ከቤታችን፣ ከባልድዊን ሂልስ፣ በቫኗ ታመጣንና፣ እሳቸውን በጓሮው በር አስገብታ ከማጠቢያው ገንዳ አጠገብ ካቆመች በኋላ ፍሬኑን ትይዛለች። እኔ የምቆመው ከእሳቸው ወዲያ፣ በገንዳውና በግድግዳው መሀል ባለችው ጥግ ነው። ዊልቸሩ የሚንቀሳቀሰው በበሩ በኩል ወደ ኋላ ሲሳብ ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ ለመውጣት ሰው መጥራት ነበረብኝ። ሽንት ቤት መሄድ ስፈልግ አስተናጋጇን እጠራለሁ። እሷ ትሪ ይዛ ከሆነ ደግሞ አድርሳ እስክትመለስ እጠብቃለሁ።

ጋሼ የአክስቴ ባል ናቸው። ፌርፋክስ ላይ ያለውን ምግብ ቤት የከፈቱት ሁለቱ ናቸው፤ እሷ ወጡን ይዛ፣ እሳቸው ሥጋውን ይዘው። ቁርጥ ወዳዱ ሁሉ፣ ታክሲ ነጂውም ፓርኪንግ የሚሠራውም፣ የሚመጣው ለእሳቸው እጅ ነበር። አንድ ሐሙስ ጠዋት መክተፊያው ላይ እንዳጎነበሱ ቀኝ እጃቸው ቢላውን ለቀቀ። ስትሮክ ነበር። ከሆስፒታል ሲወጡ ቀኝ ጎናቸው አልተመለሰም። ምላሳቸውም ከብዶ፣ አንድ ነገር ተናግረው ለመጨረስ ዳገት እንደሚወጣ ሰው መሀል ላይ ያርፋሉ።

እኔ ያን ጊዜ ሎስ አንጀለስ ከገባሁ ዓመት አልሞላኝም። በጎብኚ ቪዛ መጥቼ ጥገኝነት ጠይቄ ለኢንተርቪው እስክጠራ እጠባበቅ ነበር። የሥራ ፈቃዱ ወጥቶልኛል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ግን የለም። ጠበቃዬ በጠየቅኳት ቁጥር ኬዝሽ ፔንዲንግ ነው ትለኛለች። ከአገር ብወጣ መመለሻ የለኝም፤ ተቀምጬም የምይዘው የምጨብጠው አልነበረኝም። የምኖረው እነ አክስቴ ቤት፣ ከጋሼ መኝታ ቀጥሎ ባለው ክፍል ነው። ሲያስሉ እሰማለሁ፣ ስገላበጥ ይሰሙኛል። አብሬያቸው እነሳለሁ፣ አብሬያቸው በቫን እመጣለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ከዊልቸራቸው ጀርባ እቆማለሁ፣ አብሬያቸው እመለሳለሁ።

አንድ ጊዜ ለመውጣት ሞክሬ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የተዋወቅኳት ልጅ በርባንክ ኤርፖርት መንገደኛ በዊልቸር የመግፋት ሥራ እንዳለና ልታስገባኝ እንደምትችል ነገረችኝ። ለአክስቴ ምሳ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ፣ ደስ ያላት በመሰለኝ ሰዓት ጠብቄ ነገርኳት። ሽንኩርት መላጧን ሳታቋርጥ ሰማችኝ።

"ዊልቸር መግፋት ከሆነ ያማረሽ፣ እዚህም አለልሽ" አለች።

ክፉ ሰው አይደለችም። ከኤርፖርት የተቀበለችኝ፣ ጠበቃ የያዘችልኝ እሷ ናት። ጉልበቷ አብጦ በደረጃ ስትወርድ የምትይዘው እኔን ነው። እኔ ከሄድኩ ጋሼን ከአልጋ ወደ ዊልቸር ብቻዋን ልታነሳቸው አትችልም። ይህንን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፤ ስለዚህ ስለ በርባንክ ዳግመኛ አላነሳሁም።

ጋሼ በየቀኑ ወጥ ቤት የሚመጡት ለቢላዎቻቸው ነው። ሦስት የጃፓን ቢላዎች አሏቸው። በወጣትነታቸው፣ አሜሪካ እንደገቡ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ሳህን ያጥቡ ነበርና እዚያ የነበሩት ሽማግሌ ጃፓናዊ ወጥ ሠሪ መሳል አስተማሯቸው። ሽማግሌው ጡረታ ሲወጡ ቢላዎቹን ለሳህን አጣቢው ትተውላቸው ሄዱ። አንደኛው ሰፊ ነው፣ ለጎመንና ለቃሪያ። ሁለተኛው ወፍራም ነው፣ መገጣጠሚያ ለመለየት። ሦስተኛው ረጅምና ቀጭን፣ በአንድ ጎኑ ብቻ የሚሳል ነው። በአገሩ ጥሬ ዓሣ የሚቆረጥበት ሲሆን ጋሼ ቁርጥ ያወጡበት ነበር። በእሱ የተቆረጠ ሥጋ ፊቱ እንደ መስታወት ያበራል እንጂ አይቦጫጨቅም።

ከስትሮኩ በኋላ አክስቴ ቢላዎቹን ለሚዞረው ቢላ ሳዪ ልትሰጥ ፈልጋ ነበር። በየሬስቶራንቱ እየመጣ የሁሉንም ቢላ በማሽን እያፏጨ የሚስል ሰው ነው። ጋሼ በግራ እጃቸው እኔን አመለከቱ። ያን ቀን አስተናጋጇ የመሳያውን ድንጋይ ከነባልዲው አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች፤ ከዚያ ወዲያ የእኔ ሥራ ሆነ።

ድንጋዩ መጀመሪያ ውኃ ውስጥ ይነከራል። አረፋ ማውጣቱን ሲያቆም ጠጥቷል ማለት ነው። ቢላው በጣም ሳይቆም፣ ፈጽሞም ሳይተኛ፣ ሁለት ሳንቲም ተደራርቦ ከጀርባው ሥር የገባ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ይገፋል። ከድንጋዩ የሚወጣው ጥቁር ጭቃ አይታጠብም፤ የሚስለው እሱ ነው። በአንዱ በኩል ሲበቃው ብረቱ በሌላው በኩል በዓይን የማይታይ ቀጭን ጥፍር ያወጣል። ያንን በአውራ ጣት ሆድ ዳስሶ ማግኘትና በስሱ ማንሳት ነው ጥበቡ። እኔ ለወራት አላገኘሁትም። ስገፋ ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ጆሯቸውን ወደ ድንጋዩ ያዘነብላሉ። ማዕዘኑ ሲዛነፍብኝ ሳያዩ ያውቃሉ።

"ድምፁ ተለወጠ" ይላሉ። "ከፍ አደረግሽው።"

መልሼ ዝቅ አደርጋለሁ። ጀርባዬ ይቃጠላል፣ ጣቶቼ በውኃ ተሸብሽበው ነጭ ይሆናሉ። ከተሳለም በኋላ ነፃ አልወጣም። ብረቱ የማይዝግ ዓይነት አይደለም፤ ሎሚ ወይ ሽንኩርት ነክቶት ከቆየ ይጠቁራል፣ እርጥብ ካደረ ይዝጋል። አሥር ጊዜ ቆርጦ አሥር ጊዜ መጥረግ ነው። ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አይገባም፣ ከማንኪያና ከሹካ ጋር ገንዳ ውስጥ አይጣልም። ማታ ደርቆ፣ ዘይት ተቀብቶ፣ እንጨት አፎቱ ውስጥ ይገባል። ረጅሙ ደግሞ ከሁሉ በላይ አጥንት መንካት የለበትም። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ አንድ በአንድ፣ እያረፉ ስለሆነ ከአፋቸው የወጣ ቃል ሁሉ ትእዛዝ ይመስለኝ ነበር። አንዳንድ ቀን ቢላዎቹን እጠላቸዋለሁ። የታሰርኩት በሦስቱ ብረቶች ይመስለኛል። እነሱ ባይኖሩ ጋሼ ቤታቸው ይውሉ ነበር፣ እኔም ቢያንስ ያቺ ጥግ አትኖረኝም ነበር።

በዚህ መሀል እጄ ለመደ። መቼ እንደሆነ አላውቅም። አንድ ቀን ግን ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዳምጡ ቆይተው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ስህተት ቢኖር ይነቁ ነበር።

ከመጣሁ ሁለተኛው ሁዳዴ አለፈና ፋሲካ መጣ። ከቅዳሴ የወጣው ሕዝብ ከጠዋት ጀምሮ ፌርፋክስን ሞላው። ሁለት ወር ሙሉ ሥጋ ያላየ ሰው ነው። ወንበር ያጣው በእግረኛ መንገዱ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። አክስቴ በአንድ እጇ ስልክ፣ በአንድ እጇ ትሪ ይዛ ትሮጣለች። ጎድን የጠየቀ ትልቅ ጠረጴዛ ነበርና ትእዛዙ ዘገየ። እኔ ከጥጌ ሆኜ ወፍራሙን ቢላ እያጠብኩ ነበር። አክስቴ መክተፊያው ላይ ያገኘችውን አንስታ በጎድኑ መገጣጠሚያ ላይ መታችበት። ያገኘችው ረጅሙን ነበር።

ድምፁን ሁላችንም ሰማነው። ስለቱ መሀል ላይ፣ የጤፍ ፍሬ የምታህል ሳይሆን ምስር የምታህል ሽራፊ ወልቃለች። አክስቴ ቢላውን አየች፣ ጋሼን አየች። "ሶ ምን ላድርግ? ሰው ይጮኽብኛል እኮ" አለችና ጎድኑን በሌላ ለየችው። ጋሼ ግራ እጃቸውን ዘርግተው ቢላውን ተቀበሏት፤ እስክንዘጋ ድረስ ጉልበታቸው ላይ አስተኝተውት ዋሉ።

ሰኞ ምግብ ቤቱ ዝግ ነው። ጋሼ ሦስቱንም ቢላዎች እንድጠቀልልና እሳቸውን ይዤ ጋርዴና ወደምትባለው ከተማ እንድሄድ ጠየቁ። እዚያ ሽማግሌው ወጥ ሠሪ ቢላዎቹን ይጠግኑበት የነበረ ሱቅ እንዳለ ያውቃሉ። አክስቴ ደክሟት ስለነበር ቁልፉን ወረወረችልኝ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ብዙ አልቆየሁም፤ ፍሪዌይ ላይ ብቻዬን ድራይቭ ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነበር። ጋሼ መንገዱን በጣታቸው ብቻ እያመለከቱ አደረሱኝ።

ሱቁ ከጎማ መጠገኛና ከልብስ ንጽሕና መስጫ መሀል የተሸጎጠ ነው። ውስጡ እርጥብ ድንጋይ ይሸታል። በአክስቴ ዕድሜ ያለች፣ ሽሮ መልክ ሽርጥ ያሸረጠች ጃፓናዊት ወጣች። ሱቁ የአባቷ ነበር፤ አባቷ ሞተው እሷ ይዛዋለች። የተሸረፈውን ቢላ መብራት ሥር አገላብጣ አየችው። ስለቱ እስከ ሽራፊው ወለል ድረስ ተፍቆ መውረድ እንዳለበት፣ ቢላው ከዚህ በኋላ ጠበብ እንደሚል፣ ጊዜም እንደሚወስድ ነገረችን። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ የቀሩትን ሁለቱን ፈታች። ሰፊውን አንስታ በአውራ ጣቷ ዳሰሰች፣ ቀጥላም ጋዜጣ በአየር ላይ ይዛ ከላይ ወደ ታች አወረደችበት። ወረቀቱ ያለ ድምፅ ለሁለት ሆነ። ማን እንደሳለው ጠየቀች። ጋሼ በግራ እጃቸው ወደ እኔ አመለከቱ። ሴትዮዋ ለአፍታ አየችኝና ከመደርደሪያው የደንበኛ ቢላ አውርዳ ወደ ድንጋዩ ወሰደችኝ። ሳልኩላት። አንድ ጊዜ ብቻ ክርኔን በሁለት ጣት ከፍ አደረገችው። ስጨርስ የእሷ እጅ በአንጓ ሕመም መያዙን፣ ረዳቷም ወደ ሌላ ከተማ መሄዱን ነገረችን። የምታወራው ለጋሼ ነው። ጋሼም ያንን ከባድ ምላሳቸውን እየጎተቱ በእንግሊዝኛ መለሱላት። ሰኞ ሰኞ ነፃ ናት አሏት።

የመጡት ለቢላው ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ቫኑ ውስጥ ቀበቷቸውን እያሰርኩ ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ጠየቅኳቸው።

"እኔ መነሳት አልችልም" አሉ። "አንቺ ለምን እንደማትነሺ ግን አይገባኝም።"

"ወዴት ልሂድ ጋሼ? እርስዎስ?"

"ለጊዜው ጋርዴና።"

አክስቴ ስትሰማ መጀመሪያ የሳቀች መስሎኝ ነበር። ሰኞ የሳምንቱን ዕቃ የምትገዛበት ቀን ነው፤ እኔ ከጋሼ ጋር ስለምቆይ ነው ተማምና የምትወጣው። "እሱን ማን ያነሳዋል? ማን ውኃ ያቀብለዋል?" ብላ ጠየቀች። ጋሼ ከተቀመጡበት ሆነው ጠዋት ዊልቸር ላይ ከወጡ እስክመለስ እንደማይነሱ፣ ውኃውም በግራቸው ከተቀመጠ እንደሚበቃቸው ነገሯት። አክስቴ ለኔ ስትል ሳይሆን ከእሳቸው ጋር መጨቃጨቅ ስላልቻለች ተወችው። እኔን ግን ሳምንቱን ሙሉ አላናገረችኝም፤ የምትፈልገውን ነገር በአስተናጋጇ በኩል ነው የምትልክብኝ።

እንዲህ ሆኖ ሰኞ ሰኞ በሁለት አውቶቡስ ጋርዴና መሄድ ጀመርኩ። የሱቁ መሳያ ቦታ ከመስኮት ሥር ነው፤ ከኋላዬ የቆመ የለም፣ ስፈልግ ተነስቼ ወደ ውጭ እወጣለሁ። የመጀመሪያ ቀን ያለ ምክንያት ሦስት አራት ጊዜ ወጥቼ የመኪና ማቆሚያውን አይቼ ተመለስኩ። ሴትዮዋ የሽንት በሽታ ያለብኝ ሳይመስላት አልቀረም። የቀረው ሳምንት ግን እንደ ድሮው ነው። ማክሰኞ ጠዋት ዊልቸሩ በጓሮው በር ይገባል፣ ፍሬኑ ይያዛል፣ እኔ ጥጌ ውስጥ እቆማለሁ። ከኢሚግሬሽንም ወሬ የለም።

ሰኞ ስመለስ ጋሼ ሳሎን ውስጥ ትቻቸው በሄድኩበት፣ ፊታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አድርገው አገኛቸዋለሁ። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ "ምን ምን መጣ ዛሬ?" ይሉኛል። የመጡትን ቢላዎች አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ፤ የትኛው ዝጎ፣ የትኛው ጫፉ ተሰብሮ፣ የትኛውን ባለቤቱ ቆርቆሮ ከፍቶበት እንደመጣ። ይስቃሉ። ረጅሙ ሲጠገን አምጥቼላቸው ነበር። ጠቧል፤ ግን ቁርጡን እንደ በፊቱ ያወጣል።

አንድ ሰኞ ስመለስ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ ነበር። ሪሞቱ ከእጃቸው ወድቆ፣ ከሶፋው ሥር ገብቷል። ከጠዋት ይሁን ከቀትር ጀምሮ አልነገሩኝም፤ ጥቁሩን መስታወት እያዩ ነው የቆዩት። የውኃው ብርጭቆ አልተነካም። እንባዬ መጣ። ቀጣዩን ሰኞ እንደማልሄድ፣ ለሴትዮዋ ደውዬ እንደምነግራት ነገርኳቸው።

እንዳልሰማ ሰው "ምን ምን መጣ ዛሬ?" አሉኝ።

አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነገርኳቸው። አክስቴ ስትገባም እያወራን አገኘችን፤ ዕቃዋን አስቀምጣ የጋሼን ብርጭቆ ደፍታ በአዲስ ውኃ ሞላችና አብራን ተቀመጠች። የሚመጣው ሰኞ ሲደርስ ሪሞቱን በክር ከዊልቸሩ እጀታ ጋር አሰርኩላቸውና ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ወጣሁ።