የአራስ ቤት ፎቶ

ሐሴት ነገር ሲንዛዛ አትወድም። አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ውስጥ በምትሠራበት መሥሪያ ቤት የመኪና ስምሪት የምትመራው እሷ ናት፤ የዘገየ ሾፌር፣ መንገድ ላይ የቀረ መኪና፣ ገጠር ካምባ ሄዶ ስልኩ የማይሠራ ባለሙያ ሲኖር ሰው ሁሉ ወደ እሷ ነው የሚጠቁመው። እሷም ስልኳን ታነሳለች፤ አንዱን ለምና ሌላውን ተቆጥታ ነገሩን መልክ ታስይዘዋለች። አሁን ግን አራስ ናት። ከአልጋዋ ተነስታ መታጠቢያ ቤት የምትሄደው እንኳ እናቷ ወይዘሮ ወለቴ የበሩን መዘጋት አይተው፣ ራሷን በነጠላ ጠቅልለው ሲለቋት ነው።

ከዚያ ክፍል ሆና የያዘችው ጉዳይ አንድ ነበር፤ ልጇ ማራኪ በደንብ ፎቶ እንድትነሳላት።

ከማራኪ በፊት ወንድ ልጅ ወልዳ ነበር። ምሥጋና የሚለውን ስም ያወጡለት የባሏ የካሌብ እናት ናቸው። ልጁ ጊዜው ሳይደርስ ተወልዶ፣ ከሆስፒታል ሳይወጣ፣ ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ሞተ። በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሃል ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳው ሰው አልነበረም። ትንሽ ይሻለው፣ ቤት ስንገባ እናነሳዋለን ነበር ሐሳቡ። ዛሬ ሐሴት ፊቱን ላስታውስ ስትል የሚመጣባት ያ የመጨረሻው ነው፤ ዓይኑ ተከድኖ በነጭ ጨርቅ እንደተጠቀለለ። ከዚያ በፊት የነበረው፣ አፉን እያሞጠሞጠ ጡት የሚፈልገው ፊት፣ እየራቃት ሄዷል። ይህንን ለማንም አልተናገረችም። ለካሌብም ቢሆን፣ «አንድ ጥሩ ፎቶ ይኑራት» ብቻ ነው ያለችው።

ካሌብ ልጁን በየቀኑ በስልኩ ያነሳታል። ነገር ግን መጋረጃው ተዘግቶ ስለሚውል የሚያነሳው ሁሉ ጨለማ ነው፤ በአንዱ የአጎበሩ ክር ፊቷን ሸፍኗታል፣ በሌላው የወይዘሮ ወለቴ ክንድ ገብቶበታል። ሐሴት የፈለገችው ታጥቦ በመስታወት የሚገባ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፎቶ ነው።

ሲቀላ ሰፈር ስቱዲዮ ላለው በርናባስ ደወለች። በርናባስ በሠርግና በምርቃት ነው የሚታወቀው፤ አሁን አሁን ግን አራስ ልጆችን ቅርጫት ውስጥ አስተኝቶ ማንሳት ጀምሯል።

«አሁን ነው መነሳት ያለባት፤ ትንሽ ከቆየች እንቅልፏ ይቀልና እንደ ልባችን አናስተኛትም» አላት። የሚያስፈልገውንም ነገራት፦ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ፣ ከመስኮት የሚገባ ብርሃን፣ የጠገበች ልጅ። ለሐሙስ ጠዋት ተቀጣጠሩ። ሐሴት ይኼ ደግሞ ምን ያስቸግራል አለች በልቧ።

መጀመሪያ ያስቸገረው ጨርቁ ነው። የካሌብ አባት አቶ ዳልጮ ጨንቻ ውስጥ ሸማኔ ናቸው፤ ለልጅ ልጃቸው ብለው ስስ ነጭ ጨርቅ ሠርተዋል። ረቡዕ ይደርሳል ሲባል ዝናቡ መንገዱን አበላሸውና ጨርቁ እዚያው ቀረ። ሐሴት የራሷን ነጠላ አሳጥባ አዘጋጀች። ሐሙስ በማለዳ ልጇን አጥባ፣ አጥግባ፣ ልብሷን ቀይራ ስትጠብቅ በርናባስ ደወለ።

«እህቴ፣ የምርቃት ሰው ያዘኝ። ቅዳሜ ይሁንልኝ።»

«ተቀጣጥረን አልነበረም እንዴ?»

«ነበር፤ ግን እነሱ ዛሬ ነው የሚመረቁት። ልጅቷ የትም አትሄድ።»

ሾፌር ቢሆን ምን እንደምትለው ታውቅ ነበር። ግን ሌላ ፎቶ አንሺ ፈልጋ ማግባባት ከአልጋ ላይ የሚሆን ነገር አልነበረም። «እሺ» ብላ ዘጋችው፤ ስልኩን ትራሱ ላይ ወረወረችው፤ በድምፁ ማራኪ ነቃች።

አርብ ጠዋት ደግሞ የልጅቷ ጉንጭና ግንባር በቀያይ ሽፍታ ተሞልቶ አደረ። ትናንት ጥርት ያለ ነበር። ካሌብ ለአንዲት ነርስ ወዳጁ ደውሎ ጠየቀ፤ ብዙ ሕፃን ላይ የሚወጣ ነው፣ ምንም አትቀቡት፣ ራሱ ይጠፋል አለችው።

«ለነገ ይጠፋል?» አለች ሐሴት።

«ሳምንታት ሊቆይ ይችላል አለች።»

ሐሴት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ወለቴ አጥሚት ይዘው ሲገቡ ነገሩን አነሳችላቸው።

«እማዬ፣ ነገ ሰውየው ሲመጣ ይኼ መስኮት መከፈት አለበት።»

«የምን መስኮት?»

«ብርሃን ይፈልጋል።»

«መብራት ያብራ።»

«ሲጠፋ እየዋለ የምን መብራት ነው?»

«አራስ ላይ መስኮት ከፍቼ ምች ላስመታሽ?» አሉ ወይዘሮ ወለቴ ኩባያውን እያስቀመጡ። «ደግሞስ ክርስትና ያልተነሳች ልጅ ገላዋን ገልጦ ለባዕድ ማሳየት ከየት የመጣ ነው? የሰው ዓይን የለም? ክርስትናዋን ትነሳና ያኔ እንዳሻሽ አድርጊያት።»

«ያኔ ትልቅ ትሆናለች።»

«ትሁና። ልታድግ አይደል የተወለደችው?»

ወይዘሮ ወለቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሰሜን ተወልደው፣ ባላቸው አቶ ገብረእግዚአብሔር ለመንግሥት ሥራ ሲመደቡ ወደ አርባ ምንጭ የመጡ፣ ባላቸውንም እዚሁ የቀበሩ ሴት ናቸው። ሲቆጡ ድምፃቸው ይወጣል፤ ሲያዝኑ ግን ዝቅ ይላል። አሁን ዝቅ አለ።

«ሐሴት፣ እኔ ሞኝ አይደለሁም። ለምን እንደምትጣደፊ ገብቶኛል። ይቺን ልጅ በቁሟ እየቀበርሻት ነው እንዴ? ሳትኖር ለመታሰቢያ የሚሆን እያዘጋጀሽ ነው።»

ሐሴት ፊቷ ጋለ። ውሸት ቢሆን ኖሮ ትስቅበት ነበር። ለሳምንታት ከራሷም ደብቃ የያዘችውን ነገር እናቷ አውጥተው አልጋው ላይ ሲያስቀምጡት ግን መቋቋም አቃታት።

«ውጪልኝ» አለች።

እንዲህ ብላቸው አታውቅም። ወይዘሮ ወለቴ ቀስ ብለው ተነሱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ወጡ። አጥሚቱ እዚያው ቀዘቀዘ። ካሌብ ከሚያስተምርበት ኮሌጅ ሲመለስ አንዷ ማዕድ ቤት አንዷ መኝታ ቤት ሆነው፣ አይነጋገሩም። ምን እንደተፈጠረ ሲሰማ አልጋው አጠገብ ቆሞ አንገቱን አሸት አሸት አደረገና፣ «ለምን ለጊዜው አይቀርም?» አለ። ያን ዕለት ከእሱም ጋር ተኳረፈች።

ቅዳሜ ጠዋት ጨርቁ መጣ። ያመጡት ደግሞ የካሌብ እናት ወይዘሮ አበቡ ራሳቸው ነበሩ፤ አብረዋቸውም የቤተ ክርስቲያናቸው እህቶች ከጨንቻ ወርደዋል። ሴቶቹ በአልጋው ዙሪያ ቆመው በጋሞኛ ረጅም ጸሎት ጸለዩ። ወይዘሮ ወለቴ በር ላይ ቆመው ጠበቁ፤ ጸሎቱ ሲያልቅ እሳቸውም በበኩላቸው አማተቡ። ከዚያ ማራኪ ከእጅ ወደ እጅ ትዞር ጀመር።

«ልጁ አባቱን ወጣ» አሉ ወይዘሮ አበቡ፣ ሴትና ወንድ በማይለይ አማርኛቸው።

«ልጅቷ» አሉ ወይዘሮ ወለቴ።

«አዎ፣ ልጁ። ቆንጆ ነው።»

ሐሴት ልጇ ጠግባ እንድትተኛ ከማለዳ ጀምሮ የደከመችው ድካም ዓይኗ እያየ ከንቱ ሲሆን ተመለከተች። አንዷ ትስማታለች፣ አንዷ እጇን ትዘረጋለች፤ ማራኪ ዓይኗን አፍጥጣ ትዞራለች። እንዳትቆጣ እንግዶች ናቸው፤ ያን ሁሉ የጭቃ መንገድ የወረዱት ለእሷ ብለው ነው።

አንድ ነገር ግን በወይዘሮ አበቡ ምክንያት ተቃና። የትናንቱን ጭቅጭቅ የማያውቁት ሴትዮ «ቤቱ ምነው ጨለመ?» ብለው ሄደው መጋረጃውን ገለጡ፣ መስኮቱንም ከፈቱ። ወይዘሮ ወለቴ አፋቸውን ከፈት አድርገው መልሰው ገጠሙት። እንግዳን እንዴት ብለው ይከልክሉ? ጋቢ አምጥተው የሐሴትን ራስና ትከሻ እስክትታፈን ድረስ ጠቀለሉና ምንም ሳይናገሩ ወጡ።

በርናባስ ከቀጠሮው በጣም ዘግይቶ መጣ። ቅርጫት፣ ሰው ሠራሽ አበባና የጥንቸል ጆሮ ያለው የሱፍ ኮፍያ ይዟል። የመብራቱን ገመድ ገና ሳይሰካ መብራት ጠፋ።

«በቃ በመስኮቱ እንሠራለን» አለ፤ ኮፍያውንም ወደ ልጅቷ ይዞ መጣ።

«ይኼ የስንት ልጅ ራስ ላይ ወጥቷል?» አለች ሐሴት።

«ይታጠባል እኮ።»

«አይደረግላትም።»

«እህቴ፣ ይኼ ነው የሚያምረው። ሽፍታዋንም ይሸፍንልናል።»

«አይደረግላትም አልኩህ።»

እንግዶቹ ሳሎን ሄደው እንዲቀመጡ ካሌብ ለመናቸው። ክፍሉ ፀጥ አለ፤ ሙቀቱ ግን ጨመረ። ማራኪ ጠባች፣ አገሳች፣ እንደገና ጠባች። ዓይኗ ይከደንና ልክ ቅርጫቱን ስትነካ ይከፈታል። በርናባስ ላቡን እየጠረገ ሰዓቱን ያያል። ሐሴት ጋቢው ውስጥ ሆና ጀርባዋ ረጥቧል፣ ጡቷ ያማታል፣ የተሰፋችው ቁስል ይጠዘጥዛታል። ካሌብ እሽሩሩ እያለ ክፍሉን ሲዞር አንዴ የቅርጫቱን አበባ ረገጠው፤ ማንም አልሳቀም።

በመጨረሻ ማራኪ ተኛች። እጇን ቢያነሱት የሚወድቅ ዓይነት እንቅልፍ ወሰዳት። በርናባስ በጥንቃቄ ልብሷን አወለቀላት፤ በአያቷ ጨርቅ ጠቀለላትና ቅርጫቱ ውስጥ አጋደማት። እጆቿን ደረቷ ላይ አጣጠፈ። ጨርቁን አገጯ ሥር ሰበሰበ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ፣ «አሁን ተመልከቺ» አላት በኩራት።

ሐሴት ተመለከተች። ነጭ ጨርቅ። የተከደነ ዓይን። ደረት ላይ የተጣጠፉ እጆች።



«አንሳት» አለች።

በርናባስ ካሜራውን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ቀጭ አደረገ።

«አንሳት ስልህ።»

«እያነሳኋት ነው እኮ።»

«ከዚያ አንሳት። ከቅርጫቱ አውጣት።»

በርናባስ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ካሌብን አየው። «ጠዋቱን ሙሉ የደከምነው ለዚህ አይደለም እንዴ?»

ካሌብ ሚስቱን አየ፤ ቅርጫቱንም አየ። ያኔ ነው የገባው። ሊነካት እጁን ሳይዘረጋ ሐሴት ራሷ ተነስታ ነበር። ጋቢው ከትከሻዋ ወደቀ። ማራኪን ከነጨርቁ አወጣችና ጨርቁን ከላይዋ ገፈፈችው። ልጅቷ ደንግጣ እጅና እግሯን አወናጨፈች፤ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀላ፣ ሽፍታው ደመቀ፣ ከዚያም ጮኸች። ያ ጩኸት ሳሎን ያሉትን ዝም አሰኘ።

«አሁን አንሳት» አለች ሐሴት። ልጇን በመስኮቱ ብርሃን ፊት ለፊት ይዛታለች።

«እያለቀሰች?»

«እያለቀሰች።»

ወይዘሮ ወለቴ በሩን በርግደው ገቡ። «ልጄን ምን አደረጋችኋት?» ብለው ወደ መስኮቱ ቀረቡ፤ ቅርጫቱን፣ ወለሉ ላይ የወደቀውን ነጭ ጨርቅ፣ ልጃቸውንም አዩ። ቆሙ።

«እማማ፣ ብርሃኑን ከለሉብኝ፤ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ» አለ በርናባስ ተስፋ በቆረጠ ድምፅ።

ሐሴት እናቷ መስኮቱን ይዘጉታል ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን ጨርቁን ከወለሉ አነሱ፤ አራግፈው ክንዳቸው ላይ አደረጉትና ወደ ግድግዳው ተጠጉ። በርናባስ ደጋግሞ አነሳ፤ ዕቃውን እየሰበሰበም፣ «ይኼንን ስቱዲዮዬ እንዲህ ይሠራል ብዬ ለሰው አላሳይም» አለ።

«ማን አሳይ አለህ?» አለችው።

በሚቀጥለው ሳምንት ፎቶውን በቴሌግራም ላከላት። ሐሴት ከፍታ አየችና ግራ ገባት። ሽፍታው የለም። ፊቷ እንደ ሸክላ ለስልሷል፣ ቅላቱ ጠፍቶ ሮዝ ሆኗል፣ የሚያለቅሰው አፍ ብቻ ቀርቷል። ደወለች፤ አላነሳም። ደግማ ደወለች።

«በርናባስ፣ ይቺ ማን ናት?»

«ልጅሽ ናት። አስተካክዬልሽ ነው።»

«እንደነበረችው ላክልኝ።»

«እህቴ፣ ሰው ሁሉ አጥፋልኝ ነው የሚለኝ። አንቺ ምን ሆነሽ ነው?»

«እንደነበረችው።»

ቃል ገብቶ ሳይልክ ዋለ፤ ደግሞም አደረ። ከአራስ ቤት ሆና እንደገና ያቺ ስልክ፣ እንደገና ያ ልመናና ቁጣ። በመጨረሻ ሲልከው አንድም ቃል አልጻፈበትም። ፎቶው ትንሽ ተወዛውዟል፤ አንዱ እጇ በደንብ አይታይም። ሽፍታዋ ግን አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ አፏ ተከፍቶ ድዷ ይታያል፤ ከጎን የሐሴት አውራ ጣት አለበት።

ወይዘሮ ወለቴ የልጅቷን ጨርቅ እያጣጠፉ ነበር። ከዚያ አርብ ወዲህ ያወሩት የምግብና የልብስ ነገር ብቻ ነው። ሐሴት ስልኩን ዘርጋ አድርጋ ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ፤ ፎቶውን ራቅ አድርገው፣ ከዚያ ቀረብ አድርገው ተመለከቱት።

«እንዲህ ተበሳጭታ ምን ብላ ይሆን?» አሉ።

«አትንኩኝ ነዋ።»

«እውነቷን ነው» አሉና ስልኩን መለሱላት። ጨርቅ ማጣጠፋቸውንም ቀጠሉ። ትንሽ ቆይተው፣ ቀና ሳይሉ፣ «ወደ እኔም ስልክ ላኪልኝ፤ ክርስትና እስክትነሳ ግን ለማንም አላሳይም» አሉ።

ሐሴት ላከችላቸው። ኔትወርኩ ደካማ ስለነበር ፎቶው ሳይሄድ ብዙ ቆየ። ከአልጋው ማዶ ማራኪ መቁነጥነጥ ስትጀምር ስልኩን አስቀምጣ አቀፈቻት።