በሻይ ያረጀው ግድግዳ

በደርግ ጊዜ አዳማ ላይ ቤቱን ማሳመር የፈለገ ሰው ግድግዳውን ዘይት ቀለም ይቀባ ነበር፤ ከታች እስከ ወገብ ጠቆር፣ ከላይ ፈካ አድርጎ። ቡፌ ያለው ቡፌውን ያስቀምጣል፣ የሌለው የፕላስቲክ አበባውን። ራዲዮ ዳንቴል ይለብሳል። እኛም ሰማያዊ ቀብተን ነበር። ታዲያ ያን የመሰለ ግድግዳ በአሮጌ ጋዜጣ ልለጥፍ ስነሳ ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ አየችኝ።

"አንቺ፣ ምን ነክቶሽ ነው? ሰው ከጋዜጣ ወደ ቀለም ይሄዳል እንጂ ከቀለም ወደ ጋዜጣ ይመለሳል?"

"ለአማቴ ነው" አልኳት።

"ምን አድርገውሽ ነው እንዲህ የምትበቀያቸው?" ብላ ሳቀች።

አማቴ ከአርሲ ነገሌ የመጡት የባለቤቴ አባት ከሞቱ በኋላ ነው። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበርና ተዝካሩ እንዳለፈ ጋቢና አስቀምጦ አመጣቸው። እዚያ ቤቱ ያፈሳል፣ ጣራ ላይ የሚወጣ ሰው የለም፣ ውሃ የሚቀዳላቸውም የለም። እሳቸው ግን ልባቸው አልመጣም። ጠዋት ሲነሱ ልብሳቸውን በአንድ ትልቅ አበባማ ጨርቅ ቋጥረው፣ ቋጠሮውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በር ላይ ይቀመጣሉ።

"አካም ቡልተን፣ እማማ?" እላቸዋለሁ። እንዴት አደሩ ብዬ በኦሮምኛ ስጠይቃቸው ፊታቸው ይፈታል።

"ነጋ፣ ኢንተላ ኮ። ደህና ነኝ፣ ልጄ። ዛሬ መኪና ካለ ልሂድ።"

"ዛሬ ናፍጣ የለም ይላል ልጅዎ።"

"እንግዲያው ነገ።"

ናፍጣው እውነትም የሚጠፋበት ጊዜ ነበር፤ ባይጠፋም እኔ አጠፋው ነበር። ባለቤቴ ግን አንድ ቀን፣ "እናቴን አስሬ አላስቀምጥም። እስከ ጥምቀት ካልለመደች እመልሳታለሁ" አለኝ። እሱ እናት አለው፣ ሊመልሳትም ሊያመጣትም ይችላል። እኔ እናቴን ሳላውቅ ነው ያደግሁት። "እማማ" ብዬ የምጠራው ሰው ቤቴ ድረስ መጥቶልኝ እንዴት ልሸኘው?

ምኑ ነው ያልተስማማቸው እያልኩ አስብ ጀመር። ምግብ አልነቀፉም። ሙቀቱ ይሆን? ነገሌ ብርድ ነው፣ አዳማ እሳት ነው፤ ለሙቀቱ ግን ምን አደርጋለሁ? ያ ሰማያዊ ግድግዳ ይሆን? ሲያዩት አይቼ አላውቅም። ዶሮ እንኳ ቤት ስትለውጥ የድሮ ቆጧን ትፈልጋለች። እንግዲህ ቆጣቸውን እዚሁ ልሥራላቸው አልኩ፤ ጓዳውን እንደ ድሮው፣ እንደ ነገሌው ቤት።

ነገሌ የሄድኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ለለቅሶው። ለቅሶ ላይ ደግሞ ሰው ምን ይሠራል? ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ያያል። ግድግዳው ሙሉ ጋዜጣ ነበር፤ ቡናማ የሆነ፣ ጠርዙ የተጠቀለለ፣ እንደ ደረቀ የሙዝ ቅጠል። አራት ጉልላት ያለው የብረት አልጋ ነበር። አበባ የተሳለባቸው የብረት ሳህኖች በገመድ ተሰቅለው ነበር። ሁሉንም በዓይኔ ይዤው ነበር የተመለስኩት። የጎደለኝን ደግሞ ሽንኩርት ስልጥ እንደ ዋዛ እጠይቃለሁ።

"እማማ፣ የአልጋዎ ራስጌ በየት በኩል ነበር?"

"በፀሐይ መውጫ።"

"መጋረጃ ነበረው?"

"ያለ መጋረጃ ምን አልጋ አለ?" ብለው ወደ መንገዱ ይዞራሉ።

አልጋውን ባለቤቴ ከሻሸመኔ አመጣው፣ ከበቆሎ ጆንያ በላይ ጭኖ። አንዱ ጉልላት የለውም። ሳህኖቹን ከቆራሌው በአሮጌ ጫማ ለወጥኩ። ጋዜጣው ነው ያስቸገረኝ። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለው ባለሱቅ ለመጠቅለያ የቆለለው ነበረው።

"መጠቅለያዬን ወስደሽ ስኳሩን በምን ልሽጥ?" አለኝ።

"ስኳር መቼ አለህና?"

እሱም ሳቀ፣ ሰጠኝም። እቤት ስንገልጠው ግማሹ የጃንሆይ ዘመን ሆኖ ተገኘ። ባለቤቴ ደነገጠ፤ "የቀበሌ ሰው ቢያይስ?" አለ። ፎቷቸው ያለበትን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙረን ለጠፍነው።

ልክ አልመጣልኝም ግን። ሱቅ ውስጥ ተደራርቦ የኖረ ስለሆነ አልጠቆረም። እኔ ያየሁት ቡናማ ነው። ብዙ አሰብኩና ሻይ አፈላሁ፣ አወፈርኩት፣ በጨርቅ እየነከርኩ ግድግዳውን ዳበስኩት። ሲደርቅ እንዴት አማረ! ሻይ ወረቀትን እንዲህ እንደሚያስረጅ ማን ነገረኝ? ማንም። ጠርዝ ጠርዙንም በጥፍሬ ላጥ ላጥ አደረግሁት። አማቴ እስከዚያ ሳሎን ከልጆቻችን ጋር ነበር የሚተኙት፣ ጓዳውን አላዩም።

ሲያልቅ እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው። ቋጠሯቸው በር ላይ ቀረ።

ቆሙ። አልጋውን አዩ፣ ሳህኖቹን አዩ። ወደ ግድግዳው ተጠግተው በመዳፋቸው ዳሰሱት። ደስ ሊላቸው ነው ብዬ ስጠብቅ መዳፋቸውን ከግድግዳው አነሱ።

"ይኼን ቤት የት አየሽው?"

"ለቅሶ ጊዜ።"

"እንደሱ በይኛ" አሉና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። "ይኼ እሱ ታሞ የተኛ ጊዜ ያለው ቤት ነው። እሱ ደህና ሳለማ ጳጉሜ በገባ ቁጥር ሳጥን ላይ ቆሞ አዲስ ይለጥፍ ነበር። ከላይ ከላዩ። ለእንቁጣጣሽ ቤቴ ጥርስ ይመስል ነበር። ሲታመም ግድግዳውም ቀረ። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ያንን አየ። ቤቷ እንዲህ ነው ብሎ ሄደ።"

እኔ ድሮ ማለት ያረጀ ማለት መስሎኝ ነበር። ለካ የሳቸው ድሮ በየዓመቱ አዲስ ነበር።

አፍንጫቸውን ወደ ወረቀቱ አስጠጉ። "ሻይ ሻይ ይላል።"

"ሻይ ቀብቼው ነው።"

"ሻይ? ለምን?"

"እንዲያረጅ ብዬ።"

አዩኝ። አዩኝና አንድ ጊዜ ትከሻቸው ተነቃነቀ። "አሮጌ ብትፈልጊ እኔ በር ላይ ተቀምጬልሽ አይደል! ሻይ ምን ያደርግልሻል?" ብለው ይስቁ ጀመር። ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል "ምን ተገኘ?" እስክትል።

እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ "በዚህ አገር አዲስ ጋዜጣ የለም?" አሉ።

ባለቤቴ ሮጦ ሄዶ አንድ እቅፍ ይዞ መጣ። ቀለሙ እጅ የሚያጠቁር፣ ገና ያልታጠፈ። ሙጫውን እሳቸው ሠሩት። የኔ ከፉርኖ ዱቄት ብቻ ነበር፤ እሳቸው ከጓሮ እሬት ቆርጠው ጨመሩበት። "ያለ እሬት አይጥ እራቱ ነው የሚያደርገው" አሉ። እጃቸው ፈጣን ነበር። እኔ አንዱን ወረቀት ስለጥፍ ከእጄ ቀሙኝ።

"ገለበጥሽው!"

"ስዕል የለውም፣ በምን ልወቅ?"

"ፊደሉን እይው። እግር የለውም? እግሩ ወደ መሬት። እሱ ነው የነገረኝ።"

ሁለታችንም ማንበብ አናውቅም ነበር። እኔ በኋላ መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል ስቆጥር፣ በ እና ሰ እንደ በርጩማ ቆመው ሳያቸው እሳቸው ትዝ አሉኝ። ያን ቀን ግን ወረቀቱን ሁሉ በእግሩ እያቆምን ወደ ላይ ወጣን። ጉድ ነው፤ ቃል ሳናውቅ አንድም አልገለበጥንም።

ቡናማው ሁሉ ተሸፈነ። ጓዳው ጥርስ መሰለ። እሳቸው መሐል ቆመው ዞር ዞር አሉ፣ ከዚያ አልጋው ላይ ዓይናቸው ቀረ።

"መጋረጃ የለሽም?"

እውነትም ረስቼው ነበር። "የለኝም፣ እማማ። ነገ ገበያ ወጥቼ..."

"ነገ እስኪሆን አልጋ ራቁቱን ያድራል?"

ወጥተው ሄዱ። በር ላይ ሲያጎነብሱ አየሁ። ቋጠሮውን ፈቱት፣ ቀሚሶቻቸውንና ጋቢያቸውን አንድ በአንድ አምጥተው አልጋው ላይ ደረደሩ። ከዚያ አበባማውን ጨርቅ ይዘው በሩ ላይ አራገፉት፣ በብርሃኑ በኩል አይተው የት ጋ እንደተቀደደ ፈለጉ።

"ሁለት ሚስማር ስጪኝ" አሉኝ።